ብቻውን ከሚሄድ ሰው ጋር አብሮ መሄድ



ዛሬ የማካፍላችሁ ለብዙ ጊዜ ልጽፈው ፈልጌ ያመነታሁበትን ጉዳይ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ አንድ ሰው ለብቻው መሆን ሲፈልግ እኛ ምን እናድርግለት? ቤተ ክርስቲያናችን ሰው መሰብሰብ ታውቅበታለች። ኮንፈረንሱ፣ የቤት ለቤት ኅብረቱ፣ የጸሎት ቡድኑ ብዙ ነው። ሸክሙን ይዞ ዝም ማለት ለሚፈልግ ሰው ቦታ መስጠት ግን ገና አልተማርንም ብዬ አምናለሁ። እኔም ራሴ ይህን የተማርኩት ከመድረክ ወይም ከነገረ መለኮት ኮሌጅ አይደለም። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የእኛን አዳራሽ ደጅ ረግጠው ከማያውቁ ገበሬዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ በቤታችን ከባድ ነገር ደረሰ። ጉዳዩ የልጄ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደ ነበር እዚህም አልጽፈውም። ሸክሙ ሲከብደኝ ለአንድ የአገልግሎት ባልደረባዬ ነገርኩትና «በጸሎትህ አስበን» አልኩት። በሳምንቱ ያው ነገር «ለመጋቢያችን ቤተሰብ የጸሎት ርዕስ» ተብሎ፣ የልጄ ስም ተጠቅሶ፣ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሲዞር አገኘሁት። ክፋት አልነበረበትም። ከሥሩ «አሜን» እያሉ የጻፉት ሁሉ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ልጄም አነበበው። በማግስቱ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ከቤት ወጣ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በር ላይ ቆሜ ሰው ስጨብጥ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ሆነ፤ «ልጅህ እንዴት ሆነ?» ሠላሳ ሰው ሲጠይቅህ ሠላሳ ጊዜ ትዋሻለህ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን በሰው ተከብቤ አላውቅም፤ እንደዚያን ሰሞንም ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። የአገልግሎት መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አጠፍኩት። ከዚያም የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ፣ ማንም ወደማያውቀኝ ቦታ ሄድኩ።

አያቴ የላስታ ሰው ነበረች። ለገና ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ ላሊበላ እንደሚጎርፍ ልጅ ሆኜ ስትነግረኝ እሰማ ነበር። በዚያ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ቢጨመር ማን ያስተውለዋል? ብዬ አሰብኩ። ለስለት ወይም ለጽድቅ አልሄድኩም። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት በዮሐንስ 4 የነገራትን አምናለሁ፤ አብ የሚፈልጋቸው ሰጋጆች በአንድ ተራራ ወይም በአንድ ከተማ አይታጠሩም። እኔ የፈለግሁት ዝምታና እግሬን የማሳርፍበት ረጅም መንገድ ብቻ ነበር። በአውቶቡስ ወልድያ፣ ከወልድያ ጋሸና ደረስኩ። ከጋሸና እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። አንዲት ቦርሳ፣ አንድ ጋቢና አንድ ዱላ ይዤ ታኅሣሥ 26 ቀን በማለዳ ተነሣሁ።

ብቻዬን የሄድኩት ግን ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከደላንታ የመጡ ተጓዦች ደረሱብኝ። አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ የልጅ ልጃቸው፣ ሁለት ገበሬዎችና አንድ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። እኚያ እናት አጠገቤ ሲደርሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ሰው የለህም?» አሉኝ።

በዮሐንስ 5 በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የተኛው፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው ትዝ አለኝ። እርሱ ለጌታ የመለሰው ሰው እንደሌለው ነበር። እኔ ግን ምን ልበል? የመጣሁት ሰው በዝቶብኝ ነው። ዝም አልኩ። እርሳቸውም አልደገሙትም። «እንግዲያው ከኋላችን ሁን፤ ግን ከዓይናችን አትራቅ» ብለውኝ አለፉ።

ወገኖቼ፣ ይህችን ንግግር አስቡባት። ከእኛ ጋር ካላወራህ አላሉኝም። እንደ ፍላጎትህ ብለውም አልተዉኝም። ከኋላ የመሆን ነጻነት ሰጡኝ፤ ከዓይን የመራቅ ነጻነት ግን ከለከሉኝ። ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደውን ቁልቁለት ስንጀምር ያ ወጣት በየመታጠፊያው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። መቅረብ አያስፈልገውም፤ መኖሬን ብቻ ያያል።

ቀትር ላይ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ስንቃቸው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። በሶውን በውኃ በጥብጠው መጀመሪያ ለእኔ አቀበሉኝ። ማን እንደ ሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንዳስከፋኝ አልጠየቁም።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተማርኩ። ተጓዥ ጋቢውን ወይም ነጠላውን እስከ ግንባሩ ከተከናነበ ማንም አያነጋግረውም። እየተራመደ ይጸልይ፣ ያልቅስ፣ ወይም ዝም ብሎ ያስብ፣ የእርሱ ጉዳይ ነው። ጨዋታውና ሳቁ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ እርሱን አይነካውም። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሲመልስ ደግሞ ሳይጠየቅ ወደ ጨዋታው ይገባል። በማቴዎስ 6 ጌታችን ስንጸልይ ወደ እልፍኛችን ገብተን መዝጊያውን እንድንዘጋ አስተምሮናል። ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። እልፍኝ የሌለው ሰው ጋቢውን እልፍኝ ማድረግ እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር። እልፍኙ የሚሠራው ደግሞ ሌሎቹ በሩን ስለሚያከብሩለት ነው። በዙሪያህ ያሉት ካላከበሩት ጋቢ ጨርቅ ነው።

ሲመሽ ወደ አንድ መንደር ገባንና «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ተባለ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አሉን። ባለቤቷ ውኃ አሙቃ እግራችንን አሳጠበችን። ለሴቶቹ ከውስጥ በኩል፣ ለእኛ ወደ በሩ ተነጠፈልን። ከየት እንደመጣንና መንገዱ እንዴት እንደ ነበር ጠየቁን፤ ከዚያ ያለፈ አልጠየቁም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁት ያን ቀን ነው።

በሁለተኛው ቀን እኚያ እናት «ስመ ክርስትናህ ማነው? ስደርስ አስብሃለሁ» አሉኝ። ሕፃን ሳለሁ የተሰጠኝን ስም ነገርኳቸው። ስሙ የእኔ ነው፤ አልዋሸሁም። ግን ከኋላው ተደብቄ እንደ ሆነ አውቄዋለሁ። ስለ እውነት ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። መሸሸጊያ ፈልጌ የነበረው ዝምታ መደበቂያ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ነአኵቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ደረስን፤ ከዋሻ ሥር የተሠራ፣ ከዓለቱ ጣራ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ነው። ከአጥሩ ውጭ ከእኚያ እናት ጋር ስናርፍ አላስቻለኝም። «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ሰዉ ጴንጤ የሚለን። መጋቢ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ እኮ» አሉኝ። «መጀመሪያ ቀን በሶውን ስትቀበል አላማተብህም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ስትፈልግ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ! የሰው ሆድ በግድ ይከፈታል እንዴ?»

ሦስት ቀን ሙሉ አውቀው፣ ሦስት ቀን አብልተውኝ፣ ምስጢሬን እኔው ራሴ እስክሰጣቸው ጠብቀውኝ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ልጄም ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ታዲያ ልጅህ እዚያ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ይህን ስሰማ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት 1ኛ ነገሥት 19 እንደ አዲስ ተከፈተልኝ። ኤልያስ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔር መጀመሪያ መልአክ ላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልመረመረውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ተኛ። እንደ ገና ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጓዘ። እዚያ ምን እንደሚያደርግ እግዚአብሔር የጠየቀው ኮሬብ ሲደርስ ነው። ምግቡ ቀደመ፣ እንቅልፉ ቀደመ፣ መንገዱ ቀደመ፤ ጥያቄው በመጨረሻ መጣ። ጥያቄው መምጣቱ ግን አልቀረም። እኚያ እናት ይህን ከመጽሐፍ አጥንተውት ሳይሆን በመንገድ ሕግ ያውቁታል። እኛ መጽሐፉን የምናጠናው ደግሞ ጥያቄውን በር ላይ እናስቀድማለን፤ እንጎቻውን እንረሳዋለን።

ላሊበላ ስንገባ የከተማው ሰዎች የመንገደኛውን እግር ሲያጥቡ አየሁ። 11ዱን ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ መዝገብ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ዓለም ያውቃቸዋል፤ ስለ እነርሱ እኔ የምጨምረው የለኝም። ልቤ ውስጥ የቀረው ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ከመሬት በታች ያለ መተላለፊያ ነው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። ሰው አንድ እጁን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጁን ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ አድርጎ ይሄዳል። እኔም በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ እጄን ጭኜ ሄድኩ፤ ከኋላዬም የማላውቀው ሰው እጁን ጫነብኝ። አለቀስኩ። ማንም ፊቴን አላየም፤ ማንም ግን አልለቀቀኝም።

ያን ጊዜ የጠፋብኝን አወቅሁት። በቤተ ክርስቲያኔ ውስጥ ፊቴን የሚያይ ሞልቷል፤ የጎደለኝ ትከሻ ነው።

በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 29 ማለዳ፣ በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከዓለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያዜሙ ከሩቅ ቆሜ ሰማሁ። የዓለም ሁሉ ቤዛ ማለት ነው። ከእነርሱ ጋር የሚለየን ትምህርት አለ፤ አልሸፋፍነውም። በዚህ ስም ላይ ግን አሜን ከማለት የሚከለክለኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉትን 15 መዝሙሮች ታውቋቸዋላችሁ፤ የመዓርግ መዝሙር ይባላሉ። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተጓዦች ይዘምሯቸው እንደ ነበር ያስተምራሉ። አንድ ጊዜ በተከታታይ አንብቧቸው። በ121 አንድ ሰው ዓይኑን ወደ ተራሮች ያነሣል፤ «እኔ» ይላል። 122 በ«እኔ» ጀምሮ ወደ «እኛ» ይሻገራል። 124 ሁሉም በአንድ ድምፅ «እኛ» የሚሉበት ነው። 130 ላይ ደግሞ ከጥልቅ የሚጮኸው እንደ ገና አንድ ሰው ነው። በ133 ወንድሞች በኅብረት ተቀምጠዋል። ተጓዦቹ የአንዱን ጩኸት በጋራ መዝሙራቸው ውስጥ ቦታ ሰጡት። «ለምን ብቻህን ትጮኻለህ?» ብለው አላወጡትም።

ሌላም መንገድ አለ። በሉቃስ 2 ዮሴፍና ማርያም ከፋሲካ በዓል ሲመለሱ የ12 ዓመቱ ልጅ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ አንዱ መጉደሉ አልታወቀም። የእኛ ጉባኤም እንዲሁ ነው። ስለ ሰው ጉዳይ ብዙ እናውቃለን፤ ሰውየው ራሱ መቅረቱን ግን የምናስተውለው የአንድ ቀን መንገድ ከሄድን በኋላ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «መጋቢ፣ ይህ አደገኛ ትምህርት ነው፤ ተደብቆ የሚቆይ ነገር ኃጢአትን ያሳድጋል፤ ያዕቆብ 5 እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ ያዘናል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔም በሁለተኛው ቀን ከስሜ ኋላ ስደበቅ አይቼዋለሁ። ግን ኑዛዜ ሰው የሚሰጠው ነው፤ የሚነጠቀው አይደለም። ጀርመናዊው መጋቢ ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1939 ስለ ክርስቲያኖች የጋራ ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ ከሌሎች ጋር ስለሚዋልበት ቀን አንድ ምዕራፍ፣ ቀጥሎም ብቻ ስለሚዋልበት ቀን አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይጸና አጥብቆ ይናገራል። ስለ ኑዛዜ ሲያስተምር ደግሞ ለጉባኤው ሁሉ ሳይሆን ለአንድ ወንድም መናዘዝ እንደሚበቃ ያስረዳል። ያዕቆብም ማይክሮፎን አላዘዘም። የሚያድነው ለታመነ ሰው መናገር ነው፤ የሚሰብረው ደግሞ ያ ሰው ታማኝ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ የጸሎት ርዕስ ስንለዋወጥ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ስምና ዝርዝር አንጻፍ። እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል። «ስለ አንድ ቤተሰብ ጸልዩ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሰው በጉባኤ ፊት አስነሥተን ማስጨብጨቡን እንተው። አንዳንዱ እንግዳ ወደ እኛ የሚገባው ጋቢውን ተከናንቦ ነው። በኋላ ወንበር ይቀመጥ። አንድ ሰው በር ላይ ሻይ ይስጠው፤ ጥያቄውን ያቆየው።

ሦስተኛ፣ በአምልኮአችን መካከል ድምፅ ማጉያው ዝም የሚልበት ጥቂት ደቂቃ ይኑረን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮኸን ተመልሰን፣ አንድ ሰው ለአምላኩ የራሱን ቃል ሳይናገር የሚሄድበት እሑድ ብዙ ነው።

አራተኛ፣ ዞር እያልን እንይ። ከደላንታው ወጣት እንማር። የቀረውን ሰው «ለምን ቀረህ?» ብለን ሳይሆን «አየንህ፣ አለን» ብለን እንፈልገው።

እውነትን እየፈለጋችሁ ይህን ለምታነቡ፣ ግን ወደ ማንኛውም ጉባኤ ለመግባት ለምትፈሩ ወዳጆቼ፦ ዝም የማለት መብት አላችሁ። ጌታ አይቸኩልባችሁም። ሆኖም አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ እውነተኛ ስማችሁን ተናገሩ። እኔ ያረፍኩት ዝም ባልኩበት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በተናገርኩበት በሦስተኛውም ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ በላስታ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ላሊበላ ገባ፤ በ2015 ማብቂያ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ፣ ዱሮ ውኃ ከማቅረብ ጋር የሚመጣው፣ ዛሬ በብዙ መንገዳችን ላይ ሰው የሚያስደነግጥ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማያውቁትን መንገደኛ ሳይመረምሩ ማብላት ቀላል ነገር አይደለም። ለዚያ ነው ይህ ልማድ እንዳይጠፋ የምለምነው፤ በላስታም፣ በእኛም ቤት።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ደብዳቤውን አላስገባሁም። ልጄ ያለበትን ቦታ ጠይቄ፣ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልጠየቅሁትም። ለሦስት ወር በየሳምንቱ ምሳ ብቻ አብረን በላን። በአራተኛው ወር እርሱ ራሱ ጀመረው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ሰጥቼው አንብቦታል። አንድ አንቀጽ አስወጣኝ፤ አወጣሁት።

የመንገዳችን ጌታ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ጸጋ ይብዛላችሁ።